«ብቻህን? ምን ሆነህ?» አሜሪካን በአውቶቡስ ያቋረጥኩባቸው 15 ቀናት

እኛ ዘንድ ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ መርዶ የሰማ፣ ወይ ከቤተሰቡ የተጣላ። ነጋዴም ቢሆን የመንገድ ጓደኛ ይፈልጋል። ተማሪም ቢሆን ዘመድ ይሸኘዋል፣ ዘመድ ይቀበለዋል። «ብቻዬን አገር ላይ ነው፣ እንዲሁ ለማየት» ያለ እንደሆነማ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የትኛው ጠበል እንደሚሻለው መማከር ይጀምራል! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሕዝብ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ታዲያ ዛሬ ለወጣት አንባቢያን የማወጋችሁ ስለዚሁ ስለ ብቻ መንገድ ነው። በ1987 በሐምሌ ወር (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቼ እስከ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያም በሌላ መንገድ ዞሬ፣ 15 ቀን በአውቶቡስ ተጉዣለሁ። ጓደኛ የለ፣ መኪና የለ፣ የተያዘ ሆቴል የለ። የነበረኝ የ15 ቀን የአውቶቡስ ፓስ፣ አንድ የትከሻ ሻንጣ፣ 300 ዶላርና ሁለት ኪሎ ቆሎ ነበር። ቆሎዋን አትናቋት፤ ኋላ እመጣባታለሁ።

ለምን ተነሳሁ?

እውነቱን ልናገርና አሜሪካ እየኖርኩ አሜሪካን አላውቃትም ነበር። ዋሽንግተን ከገባሁ 3 ዓመት ሆኖኛል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል ከገቡት አበሾች አንዱ ነኝ። ቀን መኪና ማቆሚያ ቦታ እሠራለሁ፤ ማታ ከአራት ልጆች ጋር በተከራየናት አንድ መኝታ ቤት ውስጥ መሬት ላይ በተዘረጋች ፍራሽ እተኛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ካሉት ያገራችን ምግብ ቤቶች ባንዱ ተሰብስበን ስለ ደርግ እናወራለን። «ዘንድሮ አያልፋትም!» እንባባላለን። አምናም እንደዚያው ብለን ነበር። ሻንጣችንን አልፈታንም። አልጋ የገዛ ሰው ካለ «ምነው? ልትቀር ነው እንዴ?» እየተባለ መሳቂያ ይሆናል።

በዚህ መሀል እናቴ በሰው እጅ ካሴት ላከችልኝ። የሰፈሩን ሁሉ ሰላምታ ካደረሰች በኋላ «ልጄ፣ ለመሆኑ አሜሪካ እንዴት ያለ አገር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልቀዳ ቴፑን ተጫንኩና ዝም አልኩ። ምን ልበላት? የማውቀው ከቤቴ እስከ ሥራዬ ያለውን መንገድና ቅዳሜ የምንሰበሰብበትን ጠረጴዛ ብቻ ነው። አብረውኝ የሚኖሩትን ልጆች «እንሂድ፣ አገሩን እንየው» አልኳቸው። አንዱ ሥራ አለው፣ ሌላው ገንዘብ የለውም፣ የቀሩት ደግሞ «ነገ ትተነው ለምንሄደው አገር!» አሉ። እንግዲህ ብቻዬን የወጣሁት መርጬ ሳይሆን የሚከተለኝ አጥቼ ነው።

የገንዘቡ ሒሳብ

ያን ጊዜ በፌዴራሉ ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ከ1981 እስከ 1990 መጀመሪያ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ 300 ዶላር ማለት 90 ሰዓት ያህል ቆሞ መሥራት ማለት ነው። ለ15 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ዶላር ይደርሳል። በዚህ ይበላል፣ ይታደራል፣ ይታጠባል።

ፓሱ ግን ትልቅ መድኃኒት ነበር። በተገዛበት ቀን ብዛት ልክ ያሻችሁበት ከተማ ትወርዳላችሁ፣ ባሻችሁ ሰዓት ሌላ አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ። ግሬይሀውንድ የሚባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ለውጭ አገር ጎብኚዎች «99 ቀን በ99 ዶላር» እያለ ይሸጠው ነበር። እኔ ስደርስ ዋጋው ጨምሮ ቀኑ ቀንሷል፤ ቢሆንም ለደሀ መንገደኛ ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረም።

ምስጢሩ ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። ሌሊት የሚጓዝ አውቶቡስ መጓጓዣም ነው፣ ሆቴልም ነው። ከዋሽንግተን እስከ ናሽቪል 1,070 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ተሳፍሮ እያንቀላፉ መሄድ ነው። ከሜምፊስ ኦክላሆማ ሲቲም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኔ ደንብ ሁለት ሌሊት አውቶቡስ ላይ፣ ሦስተኛውን ሌሊት አልጋ ላይ የሚል ነበር። አልጋውን የማገኘው እኛ ወወክማ በምንለው፣ እነሱ ዋይ ኤም ሲ ኤ በሚሉት ማኅበር ክፍሎች ወይም በወጣቶች ማደሪያ ነው። ማደሪያው ውስጥ አንድ ክፍል ለስድስት ለስምንት ይተኛል፣ ሻወሩ የጋራ ነው፤ አንሶላ ከያዛችሁ ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል።

ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። አብዛኛው ትራቨለርስ ቼክ ነው፤ ቢጠፋ ቁጥሩን አሳይቶ መተካት ይቻላል። 40 ዶላር ካልሲ ውስጥ ገባ። ኪሴ ውስጥ የዕለቱ 20 ዶላር ብቻ ይቀመጣል፤ እሱ ካለቀ ቀኑም አለቀ! ምግቤ ዳቦ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የቆርቆሮ ቱናና ፖም ነው። የፎቶ ፊልም በሚመጣባት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ሚጥሚጣ ይዤ ነበር። ቱና ላይ ነስነስ ሲያደርጉባት… ኧረ ተዉኝ!

የስልኩን ነገርማ አትጠይቁኝ። የሳንቲም ስልክ አንስታችሁ ለቴሌፎኒስቷ «እገሌን ብቻ አቅርቢልኝ» ትላላችሁ። የተጠራው ሰው ከሌለ ሒሳብ የለም። እኔ ታዲያ ዋሽንግተን ቤታችን ደውዬ ራሴን አስጠራለሁ። ልጆቹም «የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የለሁም። እኔም በሰላም መድረሴን ነገርኳቸው፣ እነሱም ሰሙ፤ ቤሳቤስቲን አልወጣም።

ወያላ የሌለው አውቶቡስ

የመጀመሪያው ሌሊት የገረመኝ ዝምታው ነው። ወያላ የለ፣ «የቀረ ሒሳብ!» የሚል የለ፣ ሙዚቃ የለ። አርባ ምናምን ሰው ተሳፍሮ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ወታደር ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የመንገዱን ካርታ ማንበብ ያስተማረኝ ሹፌሩ ነው። የአሜሪካ ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች በ1956 በፕሬዚዳንት አይዘንሀወር ጊዜ በወጣው ሕግ የተሠሩ ናቸው። ቁጥራቸው ሙሉ ከሆነ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ጎዶሎ ከሆነ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ትንሹ ሙሉ ቁጥር ደቡብ ላይ፣ ትንሹ ጎዶሎ ምዕራብ ላይ ነው። ይህን ካወቃችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ብትነቁም የት እንዳላችሁ ከምልክቱ ትረዳላችሁ። እኔ ወደ ምዕራብ የሄድኩት በአብዛኛው በ40 ቁጥር ነው፤ የተመለስኩት በ80 ቁጥር ነው። ከዋሽንግተን ሎስ አንጀለስ 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር አምስት ጊዜ ከስድስት ጊዜ እንደ መሄድ ቁጠሩት። ሰዓታችሁን ደግሞ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ።

ሲነጋጋ ራበኝ። ቆሎዬን አወጣሁ። አሁን ችግር መጣ! ከጎኔ ሰው ተቀምጦ ብቻዬን ልቆርጥም? እናቴ ብታየኝ ምን ትለኛለች? እፍኝ ዘግኜ ለወታደሩ ዘረጋሁለት። መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ። ሲጠራጠር ጊዜ እኔ ቀድሜ ቃም አደረግኩ። ከዚያ ወሰደ። «ምንድን ነው?» አለ። ገብስ መሆኑን ነገርኩት። ናሽቪል እስክንደርስ ስለ አባቱ እርሻ፣ ስለ እጮኛው፣ ስለ ጦር ሰፈሩ አወራኝ። እንግዲህ በዚያች ጠዋት የተማርኩት ለ15 ቀን አገለገለኝ። ሰዎቹ ዝም የሚሉት ጠልተውን አይደለም። ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ሰው እየጠበቁ ነው።

የጫማ ካርቶን

ከናሽቪል ወደ ሜምፊስ ከጎኔ የተቀመጡት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ነበሩ፤ በሆዴ «እማማ» አልኳቸው። የእህታቸው ቀብር ላይ ሊደርሱ ነው የሚሄዱት። ቆሎዬን ተቀብለው ሲያበቁ ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ዶሮ አወጡና አካፈሉኝ። «ድሮ ይህን በጫማ ካርቶን ነበር የምንይዘው» አሉኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። በወጣትነታቸው በደቡብ አገር ሲጓዙ አውቶቡሱ የሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስተናግዱም፤ ስለዚህ እናቶች ለመንገደኛው ስንቁን በጫማ ካርቶን ይሞሉለታል። መቀመጫውም ከኋላ ነው።

እኔ ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ጉልበቱ ከጉልበቴ ከተነካካ ሰው አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። ቪክተር ግሪን የተባለ የሀርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ለጥቁር መንገደኞች የመመሪያ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። የት እንደሚያድሩ፣ የት እንደሚበሉ፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዱ የሚያሳይ ነው። አስቡት፤ አገር የማየት ጉዳይ ሳይሆን ነፍስ የማትረፍ ጉዳይ! በግንቦት 1961 ደግሞ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ደቡብ ሊጓዙ ተነሱ። የተነሱት እኔ ከተነሳሁባት ከዋሽንግተን ነው። አላባማ ውስጥ አኒስተን አጠገብ አንዱን አውቶቡስ አቃጠሉባቸው፣ ተሳፋሪዎቹንም ደበደቧቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን ግን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር በሚሄዱ አውቶቡሶችና በጣቢያዎቻቸው ውስጥ ዘር መለየት የሚከለክለው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

ሒሳቡን ሠራሁት፤ 26 ዓመት ብቻ ነው! ከፊት ተቀምጬ ቆሎ የምቆረጥምባት ወንበር ዋጋ ተከፍሎባታል። እማማ ሲወርዱ «ሎሬይንን ሳታይ እንዳትሄድ» አሉኝ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 የተገደሉበት ሞቴል ነው። በእግሬ ሄጄ አየሁት። ያኔ ሙዚየም አልነበረም፤ ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1991 ነው። ያረጀ ሕንፃና በረንዳው ላይ የተንጠለጠለ የአበባ ጉንጉን፤ ሌላ ምንም የለም። መንገዱ ማዶ ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

እሁድ በኦክላሆማ ሲቲ

ጉዞ ሁሉ ደስታ ነው የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ኦክላሆማ ሲቲ እሁድ ጠዋት ገባሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ሱቁ ዝግ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ከማንም ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጥኩም። ውኃ ልገዛ አፌን ስከፍት ድምፄ እንደ ዛገ በር ተንቋረረ። አገሬ፣ እናቴ፣ ሰፈሬ፣ ሱዳን የቀሩት ጓደኞቼ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። «እዚህ ብሞት ስሜን የሚያውቅ አለ?» አልኩ። የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ መመለስም አማረኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህች ቀን ለማንም ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ትመጣለች። ብዙውን ጊዜ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነው። ለሷ የሚሆን ስንቅ ደግሞ ገንዘብ አይደለም። እኔን ያተረፈኝ የቆሸሸ ሸሚዝ ነው! ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ሳንቲም እየከተቱ የሚያጥቡበት። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ልብሱ እስኪደርቅ መቀመጥ አለበት። የልጆቿን ልብስ የምታጣጥፍ ሴት አንሶላዋን በሁለት በሁለት ጫፍ እንድይዝላት ጠየቀችኝ። ያዝኩላት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀች። ነገርኳት። በቴሌቪዥን ያየችውን የ1984ቱን ረሀብ አነሳች፤ እኔም ስለ ሰፈሬ፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቡና ነገርኳት። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከሞት ተነሳሁ ብላችሁ ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ብቸኝነት ሲመጣብኝ ሰው ወደሚጠብቅበት ቦታ እሄዳለሁ፤ ልብስ ማጠቢያ፣ ፀጉር ቤት፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ነፃ ነው፣ ውኃ አለው፣ ጋዜጣ አለው፣ ቀዝቃዛ አየር አለው።

ሳምባዬ ያወቀው አገር

ከዚያ ወዲያ አገሩ ተከፈተ። አማሪሎ ላይ ሰማዩ ከምድሩ በለጠ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከጋለፕ በፊት አንድ የናቫሆ ተወላጅ ሽማግሌ ቤት በማይታይበት ጨለማ ውስጥ አውቶቡሱን አስቁመው ወረዱ፤ የት እንደሚሄዱ እሳቸውና እግዜር ናቸው የሚያውቁት። አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ስወርድ ደግሞ ሳምባዬ አገሩን አወቀ! ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ዛፉ ይሸታል። ለካስ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ነች፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አታንስም።

ማደሪያው ውስጥ ያገኘኋቸው ሁለት የጀርመን ተማሪዎች መኪና ተከራይተው ስለነበር ነዳጅ ተጋርቼ ግራንድ ካንየን ሄድን። ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1,600 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል ነው። ጀርመኖቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም ገረመኝ፤ ግን ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ሆኖ የዓባይን በረሃ ያየ ሰው በገደል አይደነግጥም። «አገራችሁ እንዲህ ያለ አለ?» ሲሉኝ «አለ» አልኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ስለ አገሬ ስናገር ሳላለቅስና ሳልሟገት የተናገርኩት ያን ቀን ነው መሰለኝ።

ያልተፈቱ ሻንጣዎች

ሎስ አንጀለስ ሰው በሰጠኝ አድራሻ የአበሻ ልጆች ቤት ደረስኩ። ማን እንደላከኝ ሳይጨርሱ እንኳ ሳይሰሙ እጄን አስታጠቡኝ። እንጀራው ከጤፍ አይደለም፤ ግን በአንድ ትሪ ለስድስት ቀረበ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በእጄ በላሁ። ማታ ፍራሼን ሲያነጥፉልኝ ግድግዳው ሥር አምስት ሻንጣ ተደርድሮ አየሁ። ሁሉም ተቆልፏል። «ምነው?» አልኳቸው። «ዘንድሮ አያልፋትማ!» አሉኝ።

ሳቅኩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። 4,300 ኪሎ ሜትር ተጉዤ የራሴን ቤት ነው ያገኘሁት።

ከዚያ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ፣ በዋዮሚንግና በነብራስካ ሜዳ አድርጌ፣ በቺካጎ በኩል ተመልሼ ዋሽንግተን ስገባ ኪሴ ውስጥ 11 ዶላር ነበር። በሳምንቱ ያገለገለ አልጋ ገዛሁ። ልጆቹ «ልትቀር ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። «መተኛቴ ነው» አልኳቸው። በመስከረም የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ደርግ የወደቀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው። ለእናቴም የካሴቱን ሁለት ገጽ ሞልቼ ላክሁላት፤ «እማዬ፣ አገሩ ሰፊ ነው፤ ሰዉ ብቻውን ይበላል፤ ግን ቆሎ ዘግነሽ ብትሰጪው ይቀበልሻል» አልኳት።

ዛሬ ቢሆንስ?

የኔ ዘመን መንገድ ዛሬ የለም። ያ ያልተገደበ ፓስ በ2012 ቀርቷል። ኩባንያውንም በ2021 የጀርመኑ ፍሊክስ ገዝቶታል። ትራቨለርስ ቼክና የሳንቲም ስልክ ለልጆቻችን ተረት ናቸው። ብቻን የመጓዝ ጥበብ ግን አላረጀም፤ ለመጀመር ደግሞ አሜሪካ አያስፈልግም። ከአውቶቡስ ተራ ተነስታችሁ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ብትሄዱም ያው ነው። ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

– ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በየቀኑ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑራችሁ።

– ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ ኪሳችሁ ውስጥ የዕለቱ ብቻ ይሁን።

– አዲስ ከተማ በቀን ግቡ። በተለይ እኅቶቻችን፣ ይህችን አትርሱ። ሌሊት ከተጓዛችሁ ጠዋት በሚያደርስ ተሳፈሩ፤ ከሹፌሩ ጀርባም ተቀመጡ።

– ከማታውቁት ሰው የተከፈተ መጠጥ አትቀበሉ። ስትሰጡም እንደ ወጋችን አስቀድማችሁ ራሳችሁ ቅመሱ፤ ያን ጊዜ ይታመናችኋል።

– ለብቸኝነቷ ቀን ተዘጋጁ። ስትመጣ ስልካችሁ ውስጥ አትደበቁ፤ ሰው ወደሚጠብቅበት ቦታ ሂዱና ተቀመጡ።

እንግዲህ «ብቻህን? ምን ሆነህ?» የሚላችሁ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ምንም አልሆንኩም፣ አገር ላይ ነው በሉት። ቆሎ መያዙን ግን እንዳትረሱ።

መልካም መንገድ!